ስለ ቀዩ መንገድ፤ ከአምስተርዳም የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፤

ባለፈው ደብዳቤዎ፣ «በወንጂ ስኳር ፋብሪካ አብሬያቸው የሠራኋቸው ሆላንዶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼ አላውቅም፤ ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች በአገራቸው እርስ በርሳቸው ይጣላሉን?» ብለው ስለ ጠየቁኝ፣ ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም መልሱ ብዙ ወረቀት የሚፈልግ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይጣላሉ፣ አጎቴ። በሃይማኖት ምክንያት መጣላት ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ በፖለቲካም የሚከራከሩት በለሆሳስ ነው፤ ስለ መንገድ የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ይልቁንም ወርዱ ከአራትና ከአምስት ክንድ ስለማይበልጥ አንድ የመንገድ ጠርዝ የሆነ እንደ ሆነ፣ ያ የሚያውቁት ትዕግሥታቸው ሁሉ ተሟጦ ያልቃል። (ዓመተ ምሕረቱንም ወሩንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቈጣጠር ብጽፍልዎ ይቅር ይበሉኝ፤ የእኛን ልጨምርበት ብል ደብዳቤው የባሕረ ሐሳብ መጽሐፍ ይሆንብዎታል።)

የጠቡን ሥር ለማየት አስቀድሞ የከተማውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በ17ኛው መቶ ዓመት ቦይ በቦይ ላይ እየቈፈሩ አምስተርዳምን ያስፋፏት ነጋዴዎች ቅመሙንና እህሉን በጀልባ እስከ ደጃፋቸው ያስመጡ ስለ ነበር፣ ከዕለታት አንድ ቀን መኪና የሚባል ፍጥረት ተነሥቶ ማለፊያና ማደሪያ ይጠይቀናል ብለው አላሰቡም፤ ስለዚህ በቤቱና በውሃው መካከል የተዉት ምድር ለአንድ ጋሪ ማለፊያና ለአንድ ረድፍ ዛፍ ይበቃ እንደ ሆነ ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም። ሰፈሩም ከ2010 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ፣ ቤት አፍርሶ አንድ ጋት እንኳ ላስፋ የሚል ሹም አይገኝም። በዚሁ ምድር ላይ መኪናው ይቆማል፤ የጭነት መኪናው ያልፋል፤ ብስክሌቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይከንፋል፤ የቤቱ ባለቤት አግዳሚ ወንበሩንና የአበባ ማሰሮውን ደጅ ያወጣል፤ የቈሻሻው ከረጢት ይከመራል፤ ከሩቅ አገር የመጣው ጎብኚም መካከሉ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚህ ሁሉ ማዶ ጕልበት የማይደርስ የብረት አጥር አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ውሃው ነው። የእጅ ፍሬኑን ለመያዝ የሰነፈ ሰው መኪናውን ጠዋት ሲፈልግ በጠላቂ ዋናተኛ ያስወጣዋል።

ሰፋ ባሉት አውራ ጎዳናዎች ግን ነገሩ ሥርዓት አለው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ ለየመዓርጉ እንደ ተለየ ሁሉ፣ እዚህም ለከተማው ባቡር መካከሉ፣ ለመኪናው ግራና ቀኙ፣ ለእግረኛው ዳርቻው ተወስኖ ተሰጥቷል፤ በመኪናውና በእግረኛው መካከል ደግሞ ቀይ አስፋልት የለበሰው የብስክሌት መንገድ ይገኛል፤ መቅደሱ እርሱ ነው። ያለ ክህነት የገባበት ወዮለት! አንድ ምስኪን መንገደኛ ገና ከጣቢያው ወጥቶ፣ ባለ ጎማ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ይህ ቀይ ምንጣፍ ለእኔ የተነጠፈ ነው ብሎ በመሐሉ ሲራመድ፣ ከኋላው አንድ ጊዜ ቃጭል ይሰማል፤ ሁለተኛ አይደገምለትም። ዞር ብሎ ቃጭሉ ከየት እንደ መጣ ሲያስብ፣ ነጭ ሽበት ያላቸው፣ በመልካቸው የሰበካ ጉባኤ አባል የሚመስሉ አንዲት አሮጊት፣ ፍሬን የሚባል ነገር ሳይነኩ በጆሮው ሥር ሽው ብለው ያልፋሉ፤ ሲያልፉም ለሽበትዎ ክብር ብዬ እዚህ የማልጽፈውን አንድ ነገር ይሉታል። እኒያው አሮጊት ከብስክሌታቸው ሲወርዱ ደግሞ ለመንገደኛው ሻንጣውን በደረጃ ላይ ሊያግዙት የሚችሉ ደግ ሰው ናቸው። ይህን ምሥጢር መርምሬ አልደረስሁበትም፤ ትሕትናቸው ከኮርቻው በታች ያለ ይመስለኛል።

በዚህ አገር ብስክሌት የድኻ መጓጓዣ አለመሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም ይሆናል። ሰዉ 18 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ብስክሌቱ ከ22 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ይህም ማለት ከጨቅላ ሕፃን እስከ አልጋ ቁራኛው ድረስ ለእያንዳንዱ አንድ ተሰጥቶ የሚተርፍ ነው። በ1969 አገራችንን የጎበኙት ንግሥት ዩሊያና በብስክሌት በመሄዳቸው የታወቁ ነበሩ፤ ብዙ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርክ ሩተም ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት በብስክሌት ሲገቡና በደጁ ላይ ሲቈልፉት ታይተዋል። ጀርመኖች በጦርነቱ ዘመን፣ በ1942፣ የሕዝቡን ብስክሌት እየነጠቁ ስለ ወሰዱበት፣ ሆላንድ ከጀርመን ጋር ኳስ በተጫወተ ቁጥር «ብስክሌቴን መልስልኝ!» እያለ የሚጮህ ተመልካች ከብዙ ዓመት በኋላም አልጠፋም። አገሩ ተወርሮ፣ የዚያን ጊዜዋ ንግሥት ተሰድደው፣ ሕዝቡ በረኃብ አልቆ ሳለ፣ ቂም ሆኖ የቀረው የብስክሌቱ ነገር መሆኑን ሲያስቡት፣ በቀዩ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ምን ዓይነት መንፈስ እንደሚያስቈጣ ይገባዎታል።

የሚጫነውም ነገር ለማመን የሚያስቸግር ነው። ባክፊትስ የሚሉት ከፊቱ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ያለው ብስክሌት አለ፤ እናቲቱ በዚያ ሣጥን ሦስት ሕፃናትና አንድ ውሻ ጭና፣ የዝናብ መከላከያውን በላያቸው ዘርግታ፣ በነፋስ ፊት እየጋለበች ወደ ትምህርት ቤት ታደርሳቸዋለች። ቁም ሣጥን በብስክሌት ሲጓዝ አይቻለሁ፤ ሌላ ብስክሌት በእጁ እየጎተተ የሚነዳ ሰውማ ነገሬ ተብሎ አይታይም። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል፤ ሕጉም ይከበራል፣ ፖሊስ በሚታይበት ስፍራ። የራስ ቍር የሚያደርግ ግን ጥቂት ነው፤ ሌሎቹ «መንገዱ ከተሠራ ራስ ምን ይሆናል?» ይላሉ።

አሁን ደግሞ የባለመኪናውን ወገን ላሰማዎ። ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ ባለታክሲ ወዳጅ አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡናው ሲቀርብ፣ ከኤርምያስ ቀጥሎ እንደ እርሱ ያለ የሰቈቃ ሰው እንዳልተነሣ ያሰኛል። «ከታኅሣሥ 2023 ወዲህ በአብዛኛው የከተማ መንገድ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አትሂድ ተብለናል፤ የብስክሌት ጎረምሳ ይቀድመኛል፤ ሰላምታም ይሰጠኛል» ይላል። «በ2019 ማዘጋጃ ቤቱ ከ10,000 በላይ የመኪና ማቆሚያ እናነሣለን ብሎ በቦታው ዛፍና የብስክሌት ማሰሪያ ይተክል ጀመር፤ ዛፍ ምን ቸኩሎ ነው መኪና ከሚቆምበት የሚተከለው?» ይላል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበው ግን የመንገድ ሕጉ 185ኛ አንቀጽ ነው። በዚያ አንቀጽ መሠረት መኪና ብስክሌተኛን ወይም እግረኛን የገጨ እንደ ሆነ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መድረሱን ባለመኪናው ካላስረዳ በስተቀር ኃላፊው እርሱ ነው፤ ብስክሌተኛው ራሱ ቢያጠፋ እንኳ ባለመኪናው ቢያንስ የጉዳቱን እኩሌታ ይከፍላል፤ የተገጨው ከ14 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ሙሉውን። «በቀይ መብራት እርሱ ያልፋል፣ በአረንጓዴ እኔ አልፋለሁ፤ ከፋዩ እኔ! ይህ በየትኛው ፍትሐ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል?»

መልሱን የምትሰጠው ሚስቱ ናት። ነርስ ስለ ሆነች ሌሊት ከሥራ የምትመለሰው በብስክሌት ነው። «አንተ የምትከፍለው በኢንሹራንስ ነው፤ እኔ የምከፍለው በአጥንቴ ነው» ትለዋለች፤ ከዚያም የታክሲ ነጂዎች በመንገድ ዳር ቆመው በራቸውን ሳያዩ እንዴት እንደሚከፍቱት በዝርዝር ትነግረዋለች። እርሱ ስለ እነርሱ ሲናገር «እነዚህ ሰዎች» ይላል፤ እርሷም «እናንተ ሰዎች» ትላለች፤ አልጋቸውም ማዕዳቸውም አንድ ነው። ልጃቸው ደግሞ አንድ እሑድ ከመጫወቻው ቀና ብሎ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ መንገድ ሲሻገር ለመቆም እምቢ ያለችው እናቱ እንደ ነበረች ሲመሰክር፣ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ጉባኤው ተበተነ።

ሦስተኛው ወገን ነዋሪው ነው፤ የእርሱን ነገር ለማስረዳት በሰፈሬ በቅርቡ የሆነውን አንድ ነገር ባጫውትዎ ይሻላል። የቦይ ዳር ቤቶች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ከባድ ዕቃ የሚወጣው ከጣራው ሥር በተተከለው መንጠቆ ላይ ገመድ አስረው በመስኮት በኩል እየሳቡ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ መኪና ያመጡ ሰዎች ሌላ ማቆሚያ ስላልነበራቸው ቫኑን መንገዱ መካከል አቆሙት፤ ዕቃውንም አስረው ወደ ላይ ይስቡ ጀመር። ከቫኑ ኋላ መኪናዎች ተደርድረው ክላክስ ያሰማሉ። ብስክሌተኞቹ ግን መቆምን ስለማያውቁ በቫኑና በዛፉ መካከል በቀረችው ቀዳዳ አንድ በአንድ ይሾልካሉ፤ ሲሾልኩም የቫኑን ጎን በመዳፋቸው ይደበድቡታል። በመካከሉ አንድ ባክፊትስ መጣና ሣጥኑ ከቀዳዳው ሰፍቶ ተቀረቀረ፤ ወደ ፊት አይሄድ፣ ከኋላው ሠላሳ ብስክሌት ስላለ ወደ ኋላ አይመለስ። ቃጭሉ የትንሣኤ ሌሊት መሰለ። በሣጥኑ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሕፃናት ወደ ላይ አንጋጠው በአየር ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ ማጠቢያ በጸጥታ ይመለከታሉ።

በዚህ ጊዜ ከፎቅ መስኮት አንዲት ጎረቤቴ ብቅ ብለው ሁለቱንም ወገን አወገዙ። የእርሳቸው አቤቱታ የቈየ ነው፤ «እዚህ ብስክሌት ማቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ በደጃፋቸው ብረት ላይ ሰቅለዋል፤ ሰሌዳው ለሰንሰለት ማሰሪያ ምቹ ስለ ሆነ ብስክሌት የማይታሰርበት ቀን የለም፤ ስለዚህ ከቤታቸው ሲወጡ ገበያ ሊሄዱ ሳይሆን ዳገት ሊወጡ ይመስላሉ። «መንገዱ የእናንተም የእናንተም አይደለም፤ እዚህ የምኖር እኔ ነኝ!» አሉ። ባለመኪናዎቹ ስለ ግብራቸው ተናገሩ፤ ብስክሌተኞቹ ስለ አየሩ ንጽሕና ተናገሩ፤ ሁሉም ስለ መብት ተናገረ። የቫኑ ሾፌር ግን ረዳቱ ገመዱን ይዞ ቆሞ ሳለ ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ ሰዓቱን አይቶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የአይብ ዳቦውን አወጣ፤ የዕረፍት ሰዓቱ ደርሶ ነበርና። በሌላ አገር ቢሆን ቡጢ ይነሣ ነበር። እዚህ አራት ሰዎች ከብስክሌታቸው ወርደው ባክፊትሱን ከነሕፃናቱ አንሥተው በቫኑ ጫፍ አሳለፉት፤ ከዚያም ወደ ስድባቸው ተመለሱ።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርዎ፤ ሰው ሁሉ ሆላንዶች በተፈጥሮ የብስክሌት ሕዝብ ናቸው፣ መንገዱም ከሰማይ ወረደላቸው ይላል፤ ይህ ሐሰት ነው። እርስዎ ወንጂ የመጀመሪያው ስኳር ሲወጣ ባዩበት በዚያው በ1954፣ የወንጂ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት በነበረባት በዚህች ከተማ፣ ካስያኸር የሚባሉት የፖሊስ አዛዥ «ቦዮቹን እንድፈናቸውና ለመኪና መንገድ ይሁኑ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሰው ተቃወማቸውና ቀረ። በ1967 ደግሞ ዮኪነን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እስከ ከተማው እምብርት የሚዘልቅ ሰፊ የመኪና ጎዳና እንዲሠራ፣ አሮጌው ሰፈርም እንዲፈርስ መከረ። ይህን ሲያቅዱ ብስክሌት ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ፣ መኪና እየበዛ ይሄድ ነበር፤ ሊቃውንቱም ብስክሌት እንደ ፈረስ ጋሪ አርጅቶ እንደሚቀር አልተጠራጠሩም።

በመካከሉ ፕሮቮ የሚባሉ ወጣቶች ተነሡ፤ በ1965 ብስክሌቶችን ነጭ ቀለም ቀብተው «ያገኘው ሰው ይንዳው፣ ሲበቃው ለሌላው ይተወው» ብለው ያለ ቁልፍ በየመንገዱ አቆሙ። ፖሊሱም ብስክሌትን ሳይቈልፉ መተው ሕግ መጣስ ነው ብሎ ሰበሰባቸው። ሌባ እንዳይሰርቃቸው ፖሊስ ወሰዳቸው ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው ያስቃል፤ የሚቀጥለው ግን አያስቅም። በ1971 በዚህች ትንሽ አገር መንገዶች ላይ ከ3,000 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ቪክ ላንገንሆፍ የሚባል ጋዜጠኛ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ መኪና ገጭቶ ስለ ገደለበት፣ በ1972 «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ወላጆችም ያንኑ ስም ይዘው ማኅበር አቋቋሙ፤ እናቶችና ሕፃናት ከነብስክሌታቸው መንገድ እየዘጉ ተሰለፉ። በ1973 ዓረቦች ሆላንድን ነዳጅ በከለከሏት ጊዜ ደግሞ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አወጀ፤ የመጀመሪያው እሑድ ኅዳር 4 ነበር። በዚያ ቀን ሰዎች በአውራ ጎዳናው ላይ በፈረስ ሄዱበት፣ ልጆችም በባለ ጎማ ጫማ ተንሸራተቱበት፤ መንገዱ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል ያየ ዓይን ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አላየውም። ቀዩ አስፋልት የዚህ ሁሉ ልቅሶና ጩኸት ፍሬ ነው። ባለታክሲው ወዳጄ የሚያማርርበት አንቀጽም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ሕግ አውጪው ማን ትክክል ነው ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ይሞታል ብሎም ጠይቋል። እኔ፣ ቡናውን ብጠጣለትም፣ በዚህ ከእርሱ ጋር አልስማማም።

ነገር ግን ድል ያደረገ ሁሉ ከድሉ በኋላ ባለርስት ይሆናል። የሪይክስ ሙዚየምን ታሪክ ይስሙ። በ1885 የተከፈተው ይህ ታላቅ የሥዕል ቤት፣ አብያተ ክርስቲያናትን በማነጽ የታወቀው ካውፐርስ ስለ ሠራው ካቴድራል መሰለ ተብሎ በዘመኑ የተወቀሰ ነው፤ በሆዱ ውስጥ ደግሞ ሕዝብ የሚተላለፍበት መንገድ አለ። ሕንፃው ከ2003 እስከ 2013 ሲታደስ፣ ዳይሬክተሮቹና ስፔናውያኑ አርክቴክቶች በዚያ መተላለፊያ የተዋበ መግቢያ ለመሥራት አሰቡ። የብስክሌተኞች ማኅበር «ከሬምብራንት ሥዕል በታች ማለፍ መብታችን ነው» አለ፤ ሙዚየሙም «ጎብኚ ይገጫል» አለ፤ ጉባኤ ተጠራ፣ ንድፉ ተለወጠ፣ ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። ንግሥት ቤያትሪክስ በሚያዝያ 2013 ቤቱን ሲከፍቱ መተላለፊያው ለብስክሌተኞች ገና አልተከፈተም ነበር፤ በግንቦት ግን በሩ ተከፈተላቸው። ዛሬ ከቅስቱ በታች አንድ ሰው ክራር ከመሰለ መሣሪያ ጋር ሲዘምር፣ ቃጭሎቹ እያጀቡት ብስክሌቱ በመካከሉ ይጎርፋል። ሁለቱም የሚጠሉት ማንን ነው ቢሉኝ፣ ሞተር ያለውን ሁሉ፤ እርሱ እንዳይገባ ሁለቱም ተስማምተዋል።

ይኸውም ወደ አሁኑ ጠብ ያደርሰናል። መኪናው ከተገፋ ወዲህ ቀዩ መንገድ ራሱ ጠበበ። ስኖርፊትስ የሚሉት ትንሽ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ በላዩ እያጨሰ ይሄድ ነበርና፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2019 ወደ መኪናው መንገድ ከነራስ ቍሩ ተሰደደ። አሁን ደግሞ ወፍራም ጎማ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ፋትባይክ መጥቷል፤ ሕጉ በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳያግዝ ቢወስነውም፣ ጎረምሶቹ ነካክተው ያበሩታል። ትናንት የመኪናን ትዕቢት ያወገዘው ብስክሌተኛ ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ ፔዳል ሳያንቀሳቅስ ሲያልፈው «መንግሥት የት አለ?» ይላል፤ ይህን ሲል እርሱ ራሱ በእግረኛው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። በ2023 በጋ ማዘጋጃ ቤቱ ቬስፐርስትራትን ለስድስት ሳምንት ለመኪና ዘግቶ በሞከረ ጊዜ፣ መኪናው ሁሉ ወደ ጎረቤት ሰፈር ፈሰሰና የዚያ ሰፈር ሰዎች፣ ከዚያ በፊት የንጹሕ አየር ወዳጆች የነበሩት ሁሉ፣ የመኪናው መንገድ ይከፈት ብለው አለቀሱ። እግረኛ ግን ማኅበሩ ደካማ ነው፤ ሁሉም እግረኛ ስለ ሆነ ማንም እግረኛ ነኝ አይልም። በእኔ ዳኝነት ከሦስቱም ወገን የበለጠ የተበደለው እርሱ ነው።

እርስዎ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ስለ ተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ጽፈውልኝ፣ «ማን ሊሄድበት ነው?» ብለው ተሣልቀዋል። በዚህ አይፍረዱ፤ ማንም ሳይሰብካት ባሕር ዳር በብስክሌት ስትኖር አይተዋል፤ ዳገቱ ለአዲስ አበባ ፈተና መሆኑን ባልክድም። እርስዎ ሊመለከቱት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ መንገድ ላይ አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለጠጋ መኪናውን ያቆመ ዕለት የሚቀጣው ሰው ተገኝቷልን? ተገኝቶ እንደ ሆነ ብስክሌቱ ይመጣል፤ ካልተገኘ የተሠራው የብስክሌት መንገድ ሳይሆን የመኪና ማቆሚያ ነው። ይህን አይተው ይጻፉልኝ።

የልጅ ልጅዎ በመስከረም ለትምህርት ወደ ዴልፍት እንደሚመጣ እትዬ ነግረውኛል፤ እግዚአብሔር በሰላም ያድርሰው። ከመምጣቱ በፊት ይህን ይንገሩልኝ። በድልድይ ሥር ብስክሌት በርካሽ ከሚሸጥለት ሰው አይግዛ፤ ትናንት የሌላ ተማሪ ነበረና። ሁለት ቁልፍ ይግዛ፤ ቁልፉ ከብስክሌቱ ቢወደድ አይደንግጥ። በማታ ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ካላበራ ይቀጣል። ሲታጠፍ እጁን ይዘርጋ። የባቡሩን ሐዲድ ሲያቋርጥ አግድም ይሁን እንጂ አብሮት አይሂድ፤ ጎማው ከገባ አይወጣም። ቃጭል የሰማ እንደ ሆነ ማን ነው ብሎ አይዙር፤ ወደ ቀኝ ይጠጋና ያሳልፍ። ጃንጥላ አይስጡት፤ የዚህ አገር ነፋስ አያስተርፍለትም፤ የዝናብ ልብስ እኔ እገዛለታለሁ። እትዬ ሊልኩልን ያሰቡትን በርበሬና ሽሮ ግን እባክዎ አያስቀንሱብን፤ ሻንጣው ከከበደ መጽሐፎቹ ይቀነሱ።

የሚወድዎና የሚያከብርዎ፣
የወንድምዎ ልጅ